«አሻግሩኝ» የሚለውን ድምፅ ሌላ ቦታ የሰማ አለ? የጣና ዳር የሙት መንፈስ ወሬስ እንዴት ነው የሚወራው?

የሽምብጧ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

እህቴ ጆርጂያ ነው የምትኖረው። በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች የሚሠሩ ፖድካስቶችን ያስለመደችኝ እሷ ናት። ግድያውን፣ የሙት መንፈሱን፣ የድሮ ተረቱን አንድ ላይ ደባልቀው ያወራሉ። እንግሊዝኛዬ ያን ያህል ስላልሆነ ግማሹ ያመልጠኛል። ግን አወራራቸው! ሰው ስለተገደለበት ቤት እያወሩ መጀመሪያ በረንዳው ላይ ስለነበረው አበባ ይነግሯችኋል፣ ከዚያ የሟች እናት ዳቦ ስትጋግር ሽታው እስከ የት ይደርስ እንደነበር፣ ከዚያ ስለ ውሻው። ቶሎ ሬሳው ጋ አይደርሱም።

ይኼን ስሰማ አያቴ ትዝ አለችኝ። እማሆይ ነው የምንላት፣ ቆብ ከጫነች ቆይታለች። አቦል እስኪቀዳ ወሬ አትጀምርም። ከጀመረች ደግሞ በረካ ሳይወርድ አትጨርስም። ከወሬዎቿ ሁሉ ደጋግማ የምትነግረን አንድ አለ። በጃንሆይ ጊዜ ነው አሉ። አንድ በሬ ነጋዴ ገበያ ውሎ፣ ሁለት በሬ ሸጦ፣ ብሩን በመቀነቱ ቋጥሮ አመሻሽ ላይ እኛው ዳር፣ ባሕር ዳር ይደርሳል። አንዱን ባለታንኳ «አሻግረኝ፣ መሽቶብኛል» ይለዋል። ባለታንኳው ያሳፍረዋል። በማግስቱ ታንኳው ዳር ላይ እንዲደርቅ ቆሞ ተገኘ፣ እንደ ወትሮው። ነጋዴው ግን የትም አልደረሰም። ጋቢው ብቻ ደንገሉ መሃል ተወትፎ ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ ጨረቃ በሌለች ማታ ከደንገሉ ውስጥ «አሻግሩኝ» የሚል ድምፅ ይሰማል። «እሺ» ብሎ የመለሰ ባለታንኳ ማንም ሲሳፈር አያይም። ታንኳው ብቻ በስተኋላ ቀስ እያለ ይሰምጣል፣ ሰው የተቀመጠበት ይመስል። እማሆይ እዚህ ጋ ስትደርስ ሲኒዋን ረከቦቱ ላይ ታስቀምጥና በመዳፏ ጠርዙን ወደ ታች ጫን ታደርገዋለች። ሌላ ምንም አትልም። ታናሽ ወንድሜ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፣ እዚያች ጋ ሁልጊዜ እግሩን ሰብስቦ ወንበር ላይ ይወጣል።

አሁን ይኼን ቀድቼ ማውጣት ፈልጌያለሁ። ግን እኔ ሳወራው የፖሊስ ሪፖርት ይሆናል። «ግለሰቡ በሬ ሸጦ ሲመለስ» ምናምን። ለዛው የት ነው ያለው? ሁለተኛው ደግሞ ይከብደኛል። የዚያ ባለታንኳ ዘሮች ናቸው የሚባሉ ሰዎች እኛ ሰፈር አሉ። አንድ እድር ነን። ልጆቻቸውና እኛ አንድ ትምህርት ቤት ነው የተማርነው። ወሬው ተረት ነው ወይስ የሰው ቤት ገመና? ምን ትሉኛላችሁ?

ጎጃሜው በአትላንታ፦

እህቴ፣ ስለ ደቡቦቹ የምትዪው ልክ ነው። አሥር ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ። እነዚህ ሰዎች እኛን ነው የሚመስሉኝ። ሰላምታቸው አያልቅም። የማን ልጅ እንደሆንክ ሳይጠይቁህ ወሬ አይጀምሩም። ስድባቸው ሳይቀር ሰምና ወርቅ ነው። «እግዜር ልቡን ይባርክለት» ካሉ ሰውየውን ቂል ነው ማለታቸው ነው፣ አንተ ደግሞ የተመረቀ መስሎህ አሜን ትላለህ።

ሳቫና የምትባል ከተማ አለች፣ ከጆርጂያ ከተሞች ሁሉ ቀድማ በ1733 የተቆረቆረች። እዚያ ቱሪስቱን ማታ ማታ ሬሳ ይጫንበት በነበረ መኪና ጣሪያውን ቆርጠው እያዞሩ የሙት መንፈስ ወሬ ያወሩለታል። አንዴ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ሄጄ ነበር። ዛፎቹ ላይ እንደ ባሕታዊ ጢም የተንዠረገገ ሽበት የመሰለ ነገር አለ፣ ያንን እያየህ አስጎብኚዋ ቀስ ብላ ስታወራ ያላመንከውም ይበርድሃል። እኔ በልቤ ስላሴ እያልኩ ነበር፣ ለጓደኞቼ ግን ስቄባቸዋለሁ።

ከወሬዎቻቸው የወደድኩት የቴነሲውን ነው። አዳምስ በሚባል ቦታ ከ1817 ጀምሮ የቤል ቤተሰብን ያስጨነቀች መንፈስ አለች። ትናገራለች፣ መዝሙር ትዘምራለች፣ ልጅቷን ትቆነጥጣለች፣ ፀጉሯን ትጎትታለች። አባትየው ጆን ቤል በ1820 ሞተ። ወሬው እንደሚለው ከአልጋው አጠገብ የማይታወቅ ጥቁር ፈሳሽ ያለበት ብልቃጥ ተገኘ፣ ለድመት ቢያቀምሱት ድመቷ ሞተች። እንግዲህ ተመልከቺ። መንፈሷን አውጥተሽ ብታስቢው የቀረው ምንድነው? አንድ ሰው በመርዝ ሞቷል፣ ብልቃጡን ማን እንዳስቀመጠ የጠየቀ የለም። ሁሉም «እሷ ናት» ብሎ አለፈ።

ያንቺም ታሪክ እንደዚያው ይመስለኛል። በሬ ነጋዴው በመንፈስ አልሞተም። በመቅዘፊያ ነው የሞተው።

ሞተረኛው ዘጌ፦

እኔ ጀልባ ነው የምነዳ፣ ጽሑፍ ብዙም አልችልበት። ግን ለዛ የት አለ ላልሽው መልስ አለኝ።

እዚሁ ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሂጂ። መቅደሱ ዙሪያ ከተሣለው ውስጥ በላዔ ሰብእን ፈልጊ። ሰባ ስምንት ሰው የበላ ሰው ነው፣ የገዛ ቤተሰቡን ጨምሮ። ፖድካስት ላይ እንደዚህ ያለ ወንጀለኛ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔ እንግዳ ይዤ በሄድኩ ቁጥር ነጮቹ ሌላውን ሥዕል ሁሉ ፎቶ አንስተው ያልፋሉ፣ እዚህ ጋ ሲደርሱ ግን ይቆማሉ።

አንድ መሪጌታ አሉ፣ እሳቸው ሲያወሩት ነው መስማት ያለብሽ። መቋሚያቸውን ይዘው ሥዕሉን ሳይነኩ ጫፉን ብቻ ጠጋ ያደርጋሉ። ከመብላቱ አይጀምሩም። «ደግ ሰው ነበር» ብለው ነው የሚጀምሩት። እንደ አብርሃም እንግዳ ተቀባይ። ሰይጣን ቀና ብሎበት በሥላሴ አምሳል እንግዳ ሆኖ መጣ። ፍሪዳ ሲያርድ ፍሪዳውን አልፈልግም፣ ልጅህን እረድልኝ አለው። አረደ። ቅመስልኝ አለው። ቀመሰ። ከዚያ በኋላ አእምሮው ተለወጠና ያገኘውን ሰው ሁሉ የሚበላ ሆነ። መሪጌታ «ቀመሰ» ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አርገው ዝም ይላሉ። አንዳንዴ ዝምታው ስለሚረዝም አስተርጓሚው ያለቀ መስሎት መተርጎም ይጀምራል፣ በእጃቸው ያስቆሙታል።

መጨረሻውን ታውቂዋለሽ። አንድ ቁስለኛ ድሃ ውሃ ለመነው። በእግዜር ስም ቢለው እምቢ አለ። በመላእክቱ፣ በጻድቃኑ ቢለው እምቢ። በማርያም ስም ሲለው ጥርኝ ውሃ ጠብ አደረገለት፣ ያችም ጉሮሮውን በወጉ አላራሰችው። በሚዛኑ ቀን ሰባ ስምንቱ ነፍስ በአንድ ወገን፣ ጥርኟ ውሃ በአንድ ወገን ሆነች፣ እመቤታችንም ጥላዋን ጣለችባትና ውሃዋ ደፋች። የካቲት 16 ቀን ዘጌ ብትመጪ ሕዝቡ ሁሉ ይኼን ሲያወራ ትሰሚያለሽ፣ የሚያለቅስም አለ። ለበላው ሰው ነው የሚያለቅሰው እኮ!

የነገሥታቱንም ብነግርሽ ደስ ይለኝ ነበር። ዳጋ እስጢፋኖስ፣ የደሴቱ ገዳም፣ ሴት አይገባም፣ አንቺ ከጀልባው ሆነሽ ነው የምታይው። የዐፄ ዘድንግል አፅም እዚያ ነው። በ1604 እንደ ፈረንጆቹ ነው የተገደለው፣ ደምቢያ ላይ፣ የገዛ ሰዎቹ ከድተውት። ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስ አውግዘውት ነበር፣ ወደ ካቶሊክ አዘነበለ ተብሎ። ወታደሩ ከመሐላው ተፈታ። ንጉሥ ሬሳው ሜዳ ላይ ሦስት ቀን ዋለ ይባላል፣ ገበሬዎች ናቸው አንስተው የቀበሩት። ከአሥር ዓመት ያህል በኋላ ሱስንዮስ አስወጥቶ ወደ ዳጋ አሻገረው። በዚያን ጊዜ ሞተር የለ፣ በታንኳ ነው እንግዲህ። ማታ ከዳጋ ስመለስ አንዳንዴ ይኼን አስበዋለሁ። ከሙታን መጀመሪያ የተሻገረው እሱ አይደለም፣ ግን ዐሥር ዓመት አፈር በልቶ የተሻገረ ሌላ አላውቅም።

አሻግሩኝ የሚለውን ድምፅ ግን እኔ አልሰማሁም። ሞተሩ ይጮሃል።

ደምቢያ ነኝ፦

አይ እናንተ! ይኼ ታሪክ እኛ ጋ፣ ከሐይቁ ማዶ ጎርጎራ ነው የተወለደው። ቃል በቃል። በሬ ነጋዴው፣ ጋቢው፣ ደንገሉ። አባቴ ነው ያወራልን። አንድ ነገር ብቻ ይለያል። እኛ ጋ ገዳዩ የባሕር ዳር ሰው ነው። 😂

ጉማሬ ነው፦

ምንም መንፈስ የለም። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፣ ማታ ሣር ሊግጥ ይወጣል። ድምፁን ሰምታችሁት ታውቃላችሁ? አረቄ ለጠጣ ሰው «አሻግሩኝ» ቢመስለው አይገርምም። ታንኳው በስተኋላ የሚሰምጠው ደግሞ የተሠራበት ደንገል ውሃ ስለሚጠጣ ነው። ለዚህ እኮ ነው ወጥቶ የሚሰጣው። ሳይደርቅ መልሰው ካወጡት ይከብዳል። አለቀ።

የሽምብጧ፦

@ጉማሬ ነው፣ ልክ ልትሆን ትችላለህ፣ ግን አንተ ጋ ቡና አልጠጣም።

ጠበቃ ያልሆነው የሕግ ተማሪ፦

ስለ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልመልስ። ስለ መንፈሱ ያሻሽን አውሪ። ስለ ባለታንኳው ግን ቀስ በይ። የሰውየውን ስም ወይም ሰፈሩን የሚያሳብቅ ነገር ካወጣሽ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 613 ስም ማጥፋት የሚባል ነገር አለ። ሟች ነው፣ ምን ያመጣል ትዪ ይሆናል፣ ግን አንድ እድር የሆናችሁት በሕይወት ያሉት ናቸው። የተፈረደበት ሰው እንኳ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ይኼ ግን ፍርድ ቤት ያልደረሰ፣ የሰፈር ሰው በቡና ላይ የፈረደው ነው።

ለነገሩ በድሮ ጊዜ ወንጀል እንዴት ይወጣ እንደነበር ብትጨምሪበት ታሪክሽ ይወፍራል። አውጫጭኝ ነበር። አንድ ነገር ከጠፋ ወይም ሰው ከተገደለ የአካባቢው ሰው በሙሉ ይሰበሰባል፣ ወንጀለኛው ሳይታወቅ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ሥራ ይፈታል፣ ከብት ይራባል። ፊት ለፊት መመስከር የፈራ በምስጢር ይጠቁማል፣ «ወፍ ነገረኝ» ይባላል። ነጋዴው ሲጠፋ ያ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ምን እንዳለ አያትሽን ጠይቂያት፣ ወፍ ወጥቶ ከሆነ ታውቃለች።

ሌባሻይም ነበር። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል፣ ያጨሱታል፣ ወገቡን በመቀነት ይዘው ይለቁታል። ልጁ ራሱን ስቶ ይሮጣል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ መጨረሻ ላይ ገብቶ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይከፍላል። ማስረጃው የሰከረ ሕፃን ነበር ማለት ነው! በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው የቀረው። ስንት ንጹሕ ሰው እንደከፈለ አስቡት። እኔን ከየትኛውም የጋኔን ወሬ በላይ የሚያስፈራኝ ይኼ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር ልለምን። የቡዳና የጅብ ወሬ ሲወራ እባካችሁ ተጠንቀቁ። ማታ ጅብ ይሆናል፣ ጆሮው ላይ ጉትቻ ተገኘበት የሚለው ሲሰማ ያስቃል። ግን የሚጠረጠረው ሁልጊዜ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ናቸው። በዚህ ወሬ ትዳር የተከለከለ፣ የተደበደበ፣ ከሰፈር የተባረረ ሰው አለ። እዚያ ጋ ተረቱ ራሱ ወንጀል ነው። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነች፣ ስለዚህ ገለልተኛ አይደለሁም።

ጎጃሜው በአትላንታ፦

@ጠበቃ ያልሆነው፣ እናትህ እጇ ይባረክ። እኔ የምጠጣበት ጀበና ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ የተገዛ ነው፣ በሻንጣ በልብስ ተጠቅልሎ መጥቶ እስካሁን አልተሰበረም።

ቀትር ላይ አልወጣም፦

እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። እናንተንስ በልጅነታችሁ ቀትር ላይ ውሃ ዳር አትሂዱ ይሏችሁ ነበር? እኛን «የቀትር ጋኔን ይመታሃል» ይሉን ነበር። ስድስት ሰዓት ሲሆን ዓባይ ዳር ማንም ልጅ አይገኝም። ትልቅ ሆኜ ሳስበው ያን ሰዓት እናቶች ምሳ ሊያቀርቡ ቤት የሚገቡበት ነው፣ ልብስ አጣቢም የለ፣ ልጅ ቢሰምጥ የሚያይ ሰው አይኖርም። ጋኔኑ ጠባቂ ነበር ማለት ነው። እስካሁን ግን ቀትር ላይ ውሃ ዳር ስቆም ጀርባዬን ያሳክከኛል፣ ምን ላድርግ።

የሽምብጧ፦

ሁለት ሳምንት ጠፍቼ ነበር። ቀዳሁት!

ስልኬን ከረከቦቱ ሥር ደበቅ አድርጌ ነበር፣ ሲኒ ሲንኳኳ ሁሉ ይሰማል። መጀመሪያ @ሞተረኛው እንዳለው ከደጉ ጀመረች። እኔ እስካሁን ልብ ብዬው አላውቅም። ባለታንኳው ስንት ሰው በነፃ ያሻግር እንደነበር፣ ምጥ የያዛትን ሴት በማዕበል ወስዶ ማትረፉን፣ ከዚያ በዚያ ዓመት ከብቱ እንዳለቀበት። ሬሳው ጋ ለመድረስ አሥር ደቂቃ ፈጀባት። እኔ ሳወራው ግን ሁልጊዜ ይኼን ሁሉ እዘለው ነበር።

ስለ አውጫጭኙም ጠየቅኋት። ተሰብስበው ነበር አለች፣ ስምንት ቀን፣ ጤፉ መታረም ሲገባው። ወፍ ወጣ ወይ አልኳት። ቡናውን ቆላች። ሁለተኛ አልጠየቅኋትም።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ቶና ላይ እያለን በሩ ተንኳኳ። እትዬ ገቡ፣ ስማቸውን አልጽፍም፣ ከዚያ ከባለታንኳው ቤት ናቸው። ወንፊት ሊዋሱ ነው የመጡት። እኔ ትንፋሼ ቆመ። ስልኩን ልዝጋው ብል እጄ አልታዘዝ አለኝ። እማሆይ ግን ቃሏ እንኳ አልተደናቀፈም። «ግቢ ልጄ፣ ቶና ላይ ነው የደረሽው» አለቻቸውና ቀጠለች። ቀረጻውን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። አሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ ሰውየው የኛ ዳር ባለታንኳ ነው። በሩ ይንኳኳል። አሥራ አምስተኛው ደቂቃ ላይ «እና ያ የጎርጎራ ሰው መቅዘፊያውን አነሳና» ትላለች። ሐይቁን በሙሉ አሻገረችው! @ደምቢያ ነኝ፣ የናንተ ሽማግሌዎች ደግሞ ለማን ብለው ወደ እኛ እንዳሻገሩት አባትህን ጠይቅልኝ።

እትዬ ተቀምጠው ሰሙ። ሲኒዋ ወደ ታች ጫን ስትደረግ እሳቸውም ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። መጨረሻ ላይ «እኛም ቤት ጎርጎራ ነው የሚባለው» አሉ። እማሆይ «እንዴታ» አለች። በረካውን ጠጥተው፣ ስለ እድሩ ድንኳን ትንሽ አውርተው ተነሱ።

ወንፊቱን ረስተውት ወጡ። እማሆይ አነሳችና ሰጠችኝ። «ሩጪ ድረሽባት፣ መሽቷል» አለችኝ፣ «ቦዩ ሞልቷል፣ እጇን ይዘሽ አሻግሪያት።»